ሸማኔ ቤት ለሚውሉ ልጆች የደረሰችልን ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ!

ሽሮ ሜዳና አካባቢው በሸማኔ ቤት ለሚሠሩ ልጆች ሕክምናና ትምህርት «ማን ጋ እንሂድ?» ለምትሉ ሁሉ፦ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። የእኛዋ ሲስተር ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች ነው የተውነው እንጂ በየአደባባዩ ብንጠራው ደስ ባለን።

ከእሷ በፊት ያየነው አንጀት የሚያሳርር ነው። ካሜራ ይዘው መጥተው ደብተርና እስክሪብቶ አድለው፣ ልጆቹን አሰልፈው ፎቶ አንስተው የሄዱ አሉ። ደብተሩ ላይ የሚጽፍበት ሰዓት ያለው ልጅ ግን አልነበረም። ሌሎቹ ልጆቹን በአንድ ጀምበር ሰብስበው ወሰዷቸው፤ ወላጅ አልተፈለገ፣ አሠሪ አልተነጋገረ። ብዙም ሳይቆይ ገሚሱ ተመልሶ ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጠ፣ ባልተመለሰው ቦታ ከገጠር አዲስ ልጅ መጣ። የታመመ ልጅ ይዘን ሄደን «ወላጁን አምጡ» ብሎ ከበር የመለሰን የሕክምና ቦታም አለ። ወላጁ ያለው ልጆቹ ከሚመጡበት ከጋሞ አገር፣ ጨንቻ ነው፤ ከየት ይምጣ?

ሲስተር የምትመጣው ማታ ወይም እሁድ ነው፤ ሥራ አስፈትታ አሠሪውን በልጁ ላይ አታስቆጣም። መጀመሪያ የቤቱን አባወራ ታነጋግራለች። አብዛኛው የልጁ አጎት ወይም የአገሩ ሰው ስለሆነ ራሱን እንደ አሠሪ አይቆጥርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክል፣ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ጨርሶ እንደማይሠራ ሳትጮህ ትነግረዋለች። ከዚያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ እንዳለ ትጨምርበታለች። ብዙው ሰው የሚላላው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ወጪው የልጁ ቀለብ ነው።

አንድ ነገር ግን መቼም አንረሳላትም። ክሩ ላይ አፍንጫው እስኪነካ የሚያጎነብስ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ከሰሌዳ መገልበጥ ሲያቅተው «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ተብሎ ወጥቷል። ሲስተር አየችውና ግቢ አወጣችው፤ የሸማኔው ክፍል ጠባብ ነዋ። 6 ሜትር ለክታ የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለው E የሚመስል ምልክት እግሮች ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ማሳየት ብቻ ነው ያለበት፤ ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረም ይችለዋል። አንዱን ዓይን በመዳፉ ሳይጫን ሸፈነ (ከተጫነው ሲገልጠው ይደበዝዝበታል)፣ ከዚያ ሌላውን። ከላይኛው መስመር በታች አንዱንም አላየም። እሷም በልጁ ፊት አጎቱን «ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ አያይም» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ ያያት አስተያየት! የሪፈር ወረቀት ጽፋ መነጽር እስኪያገኝ ተከታተለችው። የመነጽሩን ቁጥር እኛ አናውቅም፤ ልጁ ግን ዛሬ ከሰሌዳ ይገለብጣል። ሲስተር፣ ፈጣሪ ብድርሽን ይክፈልልን!

እከኩንም ከቤቱ የነቀለችው እሷ ናት። ልጆቹ በአንድ ፍራሽ ተደራርበው ስለሚተኙ አንዱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፤ ከጎኑ ካለው ተመልሶ ይይዘዋል። ቅባቱን የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ምሽት፣ ከአንገት በታች፣ በጣቶች መሃልም ጭምር ተቀብቶ እንዲያድር አደረገች። በማግስቱ ልብሱና አንሶላው በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ከሳምንት በኋላ ቅባቱ ተደገመ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ማሳከኩ ትንሽ ሲቀንስ ድግግሞሹን እየተወ ነው።

ትምህርቱ ላይ ቁልፉ ጊዜው ነው። ምዝገባ ነሐሴ ላይ ነው፤ የጋሞ ልጆች ደግሞ ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ፣ አዳዲሶቹም የሚመጡት ከመስቀል በኋላ ነው። ስለዚህ ሲስተር ሁለት ጊዜ ትዞራለች፤ ነሐሴ ላይ ያሉትን ታስመዘግባለች፣ ጥቅምት ላይ አዲስ የመጡትን ትለቅማለች። የልደት ካርድና መሸኛ የሌለውን ልጅ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ደብዳቤ አጽፋ፣ ከአሳዳሪው መታወቂያ ጋር አያይዛ ርዕሰ መምህሩ ጋ ራሷ ትወስደዋለች። አንደኛ ክፍል ሳይገባ ያደገውን ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አታስቀምጠውም፤ አፍሮ ይቀራልና። እሱን አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ታስገባዋለች፤ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት ያስጨርሳል። ከገና እስከ ጥምቀት፣ በፋሲካም ዋዜማ የሸማ ገበያው ሲደራ ልጆቹ ከክፍል ይጎድላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ስም መጥሪያውን አይታ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች።

እባካችሁ ተጠቀሙባቸው! በየወረዳው እንደ እሷ ያሉ ባለሙያዎች አሉ። ስትሄዱ የልጁን ሁለት ጉርድ ፎቶና የአሳዳሪውን መታወቂያ ኮፒ ያዙ፤ የቤተሰቡ የጤና መድን ካርድ ካለም የልጁ ስም እንዲገባበት ጠይቁ፤ ስሙ ከሌለ መታከሚያ ይከፍላል። ነሐሴን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።