የታደሰው የኮሮላ ሞተር ከወራት በኋላ

ኮሮላዬ አሮጌው «ፎር ኤ» ሞተር ነው ያላት፣ 1.6 ሊትር። ሞተሯን ክረምት ሳይገባ አሳድሼ እስካሁን በየቀኑ እየነዳኋት ነው። «ላድሰው ወይስ ልቀይረው?» ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዘይት ትበላ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። ያየ ሁሉ «ከዱባይ የገባ ሞተር ግጠምላት» ይለኛል።

ውሳኔው የመጣው ከኮምፕሬሽን መለኪያው ነው፤ ሲሊንደሮቹ አየሩን ሲጨምቁ የሚፈጥሩትን ግፊት ያነባል። መካኒኩ አራቱንም ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚጭሩትን) ፈትቶ ለካ። ሦስቱ ሲሊንደሮች 125 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ አነበቡ፣ አንዱ 90 ላይ ቀረ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ሞተር ከ142 ፒኤስአይ በታች አይቀበልም። በመጽሐፉ ከሄድን አራቱም አልቆላቸዋል ማለት ነው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ አዲስ ሞተር እንኳን ንባቡ ሩብ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በደካማው ሲሊንደር ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ሲለካ ንባቡ ዘለለ። ያለቀው ፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ ግፊቱን የሚያሽገው የብረት ቀለበት ነው፤ ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ባለበት ይቀር ነበር።

ያገለገለ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) ላይ ስላለ የአዲሱን ሞተር ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) ይዞ ማስቀየር አለ። እኔ ማደሱን መረጥኩ።

ብሎኩ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ በ0.50 ሚሊሜትር ሪቦር ተደረገ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ተቦርቡረው ሰፉ፤ ፒስተንና ፋሻው በዚያው ልክ ተገዛ። ብሮንዚናው (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ሽፋን)፣ የቫልቭ ጎሚኒው (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) እና ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) ተቀየሩ፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ፊቱ እንዲስተካከል ተላጨ። መካኒኩ እያንዳንዱን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ጫፎቹ መካከል ቀጭን የብረት ቅጠል እየሰደደ ክፍተቱን ሲለካ ቆሜ አይቻለሁ። ይህን የማይለካ ጋራዥ ሞተራችሁን አትስጡት።

የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብዬ፣ ፍጥነቱን እየለዋወጥኩ፣ ጭነት ሳላበዛ ነዳሁ። ዘይቱንም ቶሎ ቀየርኩት፤ ሲፈስ ደቃቅ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበት ነበር፣ ያ የሚጠበቅ ነው። አሁን በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል መጨመር ቀርቷል። እንጦጦንም ያለ ጭስ ትወጣለች፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

ያልወደድኩት? መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ሳምንታት ቆማለች። በታክሲ ለሚያድር ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ሞተር መቀየር በጥቂት ቀን ያልቃል። መብራት ላይ ስቆምም መሪው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹ አሮጌዎቹ ናቸው፣ እነሱን በሚቀጥለው ሰርቪስ አስቀይራለሁ።

ብሎኩ ተሰንጥቆ ወይም ከዚህ በፊት ሪቦር ተደርጎ የሚቦረቦር ብረት ያልቀረው ቢሆን ኖሮ ግን እኔም ሞተሩን እቀይር ነበር።