ከሐዋርያት ቀጥለው የመጡት አባቶች በአንድ ጥራዝ፦ መግቢያውን ዝለሉት

መጽሐፉን ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ ራስጌዬ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የመግቢያው ነው። ሐዋርያውያን አበው የሚባሉት፣ ከሐዋርያት ቀጥለው የተነሡት መምህራን የጻፉትን በትርጉም ሰብስቦ የያዘ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ነው። መግቢያው ግን ስለ ብራና ቅጂዎችና ስለ ሊቃውንት ክርክር ስልሳ ገጽ ያህል ያወራል፣ እኔን አሥረኛው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። አንድ ቀን ተናድጄ መሀሉን ገለጥኩት፣ አግናጥዮስ ላይ አረፍኩ፣ እንቅልፉም በዚያው ጠፋ።

አግናጥዮስ የአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በትራጃን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ወደ 110 ገደማ እንደሆነ ይገመታል፣ ለአውሬ ሊሰጥ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መንገድ ላይ ሰባት ደብዳቤ ጻፈ። አራቱን ከሰምርኔስ፣ ሦስቱን ከጢሮአዳ። የሚጠብቁትን ወታደሮች አሥር ነብሮች ይላቸዋል፣ መልካም ሲያደርጉላቸው ጭራሽ ይብስባቸዋል ብሎም ያማርራል። ለሮም ክርስቲያኖች የጻፈው ግን ያስደነግጣል። አደራ ከሞት እንዳታስጥሉኝ ነው የሚላቸው፤ እኔ የእግዚአብሔር ስንዴ ነኝና በአውሬ ጥርስ ልፈጭ። ሦስቴ አነበብኩት፣ አሁንም ላድንቀው ወይስ ልፍራለት አላውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የጀርባ ሽፋኑ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በአንድ ድምፅ ሲናገሩ እንደምንሰማ ቃል ይገባል። የለም! አንድ ጌታ አላቸው፣ አንድ ድምፅ ግን የላቸውም፣ ደግሞ የመጽሐፉ ጣዕም ያለው እዚያው ላይ ነው። አግናጥዮስ ያለ ኤጲስ ቆጶሱ ምንም እንዳታደርጉ እያለ ይወተውታል። ዲዳኬ የሚባለው አጭር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መመሪያ ደግሞ ኤጲስ ቆጶሳትንና ዲያቆናትን ራሳችሁ ሹሙ ይላል። በ96 አካባቢ ከሮም የተላከው የቀሌምንጦስ መልእክት የተጻፈው የቆሮንቶስ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ሽማግሌዎቻቸውን ከሹመት ስላወረዱ ነው። በጭቅጭቅ መሀል የተጻፈ ደብዳቤ ነው እንግዲህ፣ አዘጋጆቹ ግን በርዕስና በንዑስ ርዕስ ቆራርጠው የትምህርት ቤት መማሪያ አስመስለውታል። ቀሌምንጦስ ለትንሣኤ ምሳሌ ብሎ በ500 ዓመት አንዴ ሞቶ ስለሚታደሰው ፊኒክስ ስለሚባል ወፍ የሚተርክበት ቦታ አለ፣ እሱ እንኳ "የተፈጥሮ ማስረጃ" የሚል ደረቅ ርዕስ ተለጥፎበታል።

ዲዳኬን በጣም ወደድኩት። አጭር ነው፣ ወሬ አያበዛም። ጥምቀት በወራጅ ውኃ ይሁን፣ ከሌለ በሌላ፣ ቀዝቃዛ ካልሆነ በሙቅ፣ ሁለቱም ከጠፋ ራስ ላይ ሦስቴ አፍስሱ። ጾሙ ረቡዕና ዓርብ። ሐዋርያ የሚባል ተጓዥ ሰባኪ ቢመጣ ደግሞ አንድ ቀን፣ ግድ ካለም ሁለት ቀን አሳድሩት፤ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ ገንዘብ ከጠየቀም ሐሰተኛ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጽሑፉ ለዘመናት ጠፍቶ መክረሙ ለማን እንደጠቀመ ማሰቤም አልቀረም። ሙሉ ቅጂው የተገኘው በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ነው፣ በ1056 ከተጻፈ ብራና።

የግርጌ ማስታወሻው ግን ያናድዳል። የበርናባስ መልእክት የሚባለው የአብርሃምን 318 ሰዎች በግሪክኛ ፊደል ቁጥር ይፈታዋል፤ 18ቱ የኢየሱስ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ 300ው ደግሞ መስቀል የሚመስለው ታው የሚባል ፊደል። 318 ሲባል የኒቅያ ጉባኤ አባቶች ትዝ ለሚሉን ሰዎች እንዴት ያለ ነገር ነው! ማስታወሻው የሚለው "ግሪክኛውን ይመልከቱ" ብቻ ነው። ግሪክኛ ባውቅ ትርጉም ምን አስገዛኝ? ጅብ በየዓመቱ ጾታዋን ትለዋውጣለች የሚለው ክፍል ላይ ደግሞ ከናካቴው ማስታወሻ የለም።

ለዲዮግኔጦስ የተላከው ጽሑፍ ታሪክም መግቢያው ውስጥ ተቀብሯል። ክርስቲያኖች ባዕድ አገር ሁሉ አገራቸው፣ አገር ሁሉም ባዕዳቸው ነው የሚለው ውብ ጽሑፍ በ15ኛው መቶ ዘመን የተገኘው ቁስጥንጥንያ ውስጥ ዓሣ ሻጭ ቤት፣ ለመጠቅለያ በተቀመጠ ወረቀት መሀል ነው። ያ አንድ ቅጂ በ1870 ስትራስቡርግ ላይ ተቃጠለ። ይህን ፊት ለፊት ቢያስቀምጡት ማን ያንቀላፋል?

የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ የፖሊካርጶስ ሰማዕትነት ትርጉሙ ከሁሉ የሰመረበት ነው። ሊይዙት ለመጡት ሰዎች ምግብና መጠጥ እንዲቀርብ ያዛል፣ አንድ ሰዓት ልጸልይ ይላቸዋል፣ ሁለት ሰዓት ይጸልያል። ክርስቶስን ስደብ ሲሉት 86 ዓመት አገልግዬዋለሁ፣ አንድም አልበደለኝም ይላል። ተርጓሚው እዚህ ጋ እጁን ሰብስቦ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ትቶታል። ተባረክ ብያለሁ።

የራእይና የምሳሌ መጽሐፍ የሆነው ሄርማስ ረጅም ነው፣ በጣም ረጅም። መጨረሻው በግሪክኛ ጠፍቶ በላቲንና በግእዝ ትርጉሞች የተረፈ መሆኑን መጽሐፉ "ሌሎች ትርጉሞች" ብሎ ዘሎታል፣ ግእዝ ብሎ መጥራት ምን ነበረበት። ጥራዙም እዚያው ላይ ተገንጥሎብኛል፣ በሙጫ ለጥፌዋለሁ።

ከገዛችሁት በአግናጥዮስ ጀምሩ፣ ከዚያ ዲዳኬ፣ ከዚያ ፖሊካርጶስ። እኔ ሄርማስን ገና አልጨረስኩም።