ዊዛርድ ወይስ ሶርሰረር? የሚመታም የሚያስርም አስማተኛ በስንት ወርቅ ይወጣል

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ገጸ ባሕሪ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ ከጀመርን ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም ያለውም ዳንግላ ያለችውም ጓደኛዬ ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የሚመታም፣ ጠላትን አስሮ የሚይዝም አስማተኛ ልሠራ ነው። ዊዛርድ ይሻለኛል ወይስ ሶርሰረር?» ሁለቱም የጨዋታው አስማተኛ ክላሶች (የገጸ ባሕሪ ዓይነቶች) ናቸው። መልሴ ዊዛርድ ነው፤ ያውም ኢቮኬሽን (በቀጥታ የሚመታ ድግምት ዘርፍ) የተማረ ዊዛርድ። ሶርሰረርን አንድ ዓመት ያህል ተጫውቼበታለሁ፤ የምናገረው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ወደ ወርቁ፣ ማለትም ወደ ጨዋታው ገንዘብ፣ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ብሩ ላንሣ። የመጀመሪያውን የሕግ መጽሐፍ ባሕር ዳር ላይ በ1,200 ብር ገዛሁ። ጥራዙ ያምር ነበር፤ ውስጡ ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ፋየርቦል የሚባለው የእሳት ድግምት 8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ያስጥላል፤ ድምሩ ጉዳቱ ነው። በእኔ ቅጂ ላይ የስምንት ቁጥር ግራ ጎን ጠፍቶ ሦስት ሆኗል። ሦስት ወር ሙሉ 3 ዳይስ ስንጥል ከረምን። በአማካይ 28 መሆን የነበረበት ጉዳት 10 ተኩል ሆነ ማለት ነው። ዊዛርድ የያዘችው ልጅ «ይሄ ነገር አይመታም» ብላ ገጸ ባሕሪዋን ጣለችና ሶርሰረር ሠራች፤ እሱም በዚያው ወረቀት ሲመታ ያው ሆነ። ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ የዊዛርዱ አልነበረም። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም።

ያን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ነበር። ኤስአርዲ የሚባለው የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ 5.1 እትም በነጻ ይገኛል። 403 ገጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ አትሞ ማደል ይቻላል። እኛ የሁለቱን ክላሶችና የድግምቶቹን ገጾች ብቻ፣ 110 ገጽ ገደማ፣ ገጹን በ5 ብር አሳተምን፤ 550 ብር። ለአምስት ሰው 110 ብር ይደርሳል። ቁጥሩ ሁሉ ይነበባል። በዚህ ነጻ ሰነድ ውስጥ ለዊዛርድ የተሰጠው ዘርፍ ኢቮኬሽን ብቻ ነው፤ ለሶርሰረርም የድራጎን ዘር ብቻ። ስለዚህ ሁለቱን ሳወዳድር እነዚህን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትም ሶርሰረሩ የሚይዘውን ድግምት አብዝቶለታል፤ በዚያ የምትጫወቱ ከሆነ ልዩነቱ ይጠብባል። እኛ ያለነው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ነው።

ዳይስም ላይ ተቃጥያለሁ። በርካሽ የገዛሁት ሰባት ፍሬ ውስጡ የአየር ቋጠሮ ነበረበት። ከመግዛታችሁ በፊት ባትችሉም ከመጫወታችሁ በፊት ፈትኑት፦ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ጨው ጨምሩ፣ ከዚያ በጣታችሁ ደጋግማችሁ አሽከርክሩት። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ይዞ የሚቆም ከሆነ ሚዛኑ የተዛባ ነው። የእኔው ባለ ሃያው 4 ቁጥርን ይወድ ነበር።

አሁን ወርቁ። አምስተኛ ደረጃ ላይ እናቁማቸው፤ ሁለቱም ፋየርቦል የሚያገኙት እዚያ ነው። ሶርሰረሩ የሚያውቀው ድግምት ስድስት ብቻ ነው። የሚመታም የሚያስርም ልሁን ብሎ ስድስቱን ለሁለት ሲከፍል ሦስት ሦስት ይደርሰዋል፤ ራሱን የሚከላከልበት አንድ እንኳ አይተርፈውም። ዊዛርዱ በመጽሐፉ ውስጥ በነጻ 14 ይኖረዋል፤ ኢንተለጀንሱ (የብልህነት ቁጥሩ) 18 ከሆነ በየቀኑ 9 መርጦ ያዘጋጃል። ነገ ዋሻ ነው ከተባለ አንዱን ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል። ሶርሰረሩ ደረጃ እስኪያድግ ድረስ ከተሳሳተ ምርጫው ጋር ይኖራል። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ልዩነቱን ለጓደኞቼ የማስረዳው እንዲህ ነው፦ ዊዛርዱ ቆሎ ተማሪ ነው፣ በየጉባኤ ቤቱ እየዞረ ይጨምራል፤ ሶርሰረሩ ተሰጥኦው አብሮት የተወለደ ነው፣ የተሰጠውን ይዞ ይኖራል።

የተጨመረው ግን ዋጋ አለው። ሌላ ቦታ የተገኘን ድግምት መጽሐፍ ላይ ለመገልበጥ በእያንዳንዱ የድግምቱ እርከን (የኃይሉ መጠን) 50 ወርቅና 2 ሰዓት ይወስዳል። ሦስተኛ እርከን ከሆነ 150 ወርቅ። የኢቮኬሽን ተማሪ በራሱ ዘርፍ ግማሹን ብቻ ይከፍላል፤ ሦስተኛ እርከን የሆነ የኢቮኬሽን ድግምት በ75 ወርቅ ይገባለታል። የሚያስሩት ዌብ (ድር) እና ሂፕኖቲክ ፓተርን (የሚያፈዝ ኅብረ ቀለም) የሌላ ዘርፍ ስለሆኑ ሙሉ ዋጋ ያስከፍሉታል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ደረጃ ስታድጉ በነጻ የምታገኟቸውን ሁለት ሁለት ድግምቶች በሚያስሩት ላይ አውሏቸው፤ የሚመቱትን በግማሽ ዋጋ ግዟቸው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዌብን በ100 ወርቅ ከገለበጥሁ በኋላ ነው።

ስሎት (ድግምት የመወርወሪያ ዕድል) ማስመለሱም ላይ ሒሳቡ ወደ ዊዛርዱ ያደላል። በቀን አንድ ጊዜ አጭር እረፍት ሲያደርግ አንድ ሦስተኛ እርከን ስሎት ያለ ክፍያ ይመለስለታል። ሶርሰረሩ ያንኑ ስሎት ለመሥራት 5 ነጥብ (ከራሱ የአስማት ኃይል) ያወጣል፤ በዚያ ደረጃ በቀን ያለው ጠቅላላ ነጥብ ደግሞ 5 ነው። የጠላትን ሴቭ (ከድግምት ለማምለጥ የሚጣል ዳይስ) የሚያከብደው ሃይትንድ የሚባለው ችሎታው 3 ነጥብ ይበላል። አንዴ ተጠቀመ ማለት ቀሪው ቀን በሁለት ነጥብ ያልፋል።

ወዳጅን ሳይነኩ መምታት ላይ ዊዛርዱን የሚያህል የለም። ፋየርቦል ሲወረውር እስከ አራት ሰው ከእሳቱ መሐል ምንም ሳይነኩ ያወጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያገኘው ነው፣ አንድ ነጥብ አያስከፍለውም። ሶርሰረሩ ኬርፉል በሚባለው ችሎታው 1 ነጥብ ከፍሎ ጓደኞቹን ሴቭ ያሳልፋቸዋል፤ ፋየርቦል ግን ሴቭ ያለፈውንም በግማሽ ያቃጥላል። በአማካይ 14 ጉዳት ለገዛ ጓደኛ!

በማሰሩ ላይ ግን ሶርሰረሩ የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ አልደብቅም። ሂፕኖቲክ ፓተርን ላይ ያው ኬርፉል ጓደኞቹን ሙሉ በሙሉ ያድናቸዋል፤ የዊዛርዱ ችሎታ ለኢቮኬሽን ብቻ ስለሆነ እዚያ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ሶርሰረሩ በጠላት ሲመታ ኮንሰንትሬሽኑን (ድግምቱ እንዲቀጥል የሚይዘውን ትኩረት) ለማቆየት በሚጥለው ሴቭ ላይ የሠለጠነ ነው፤ በአምስተኛ ደረጃ 3 ይደመርለታል። ዊዛርዱ ይህ የለውም፤ አንድ ቀስት ካገኘው ያሰራቸው ሁሉ ሊፈቱበት ይችላሉ። ከጦረኛው ጀርባ ይቁም።

አንድ ስሕተት ደግሞ ሁለቱም ጋ አይቻለሁ። ዌብ በእሳት ይነዳል። ጠላትን በድር አስራችሁ እዚያው ላይ ፋየርቦል ከወረወራችሁ የገዛ ድራችሁን አቃጠላችሁ፤ ከጉዳቱ የተረፈው ይሮጣል። ሂፕኖቲክ ፓተርንም ጉዳት የደረሰበትን ወዲያው ይለቀዋል። ኮንሰንትሬሽን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ትክክለኛው አሠራር የጠላቱን ግማሽ አስሮ ትቶ፣ ኮንሰንትሬሽን የማይፈልገውን ፋየርቦል በሌላው ግማሽ ላይ መጣል ነው።

የዊዛርድ ትልቁ አደጋ ጥገናው ነው። በአንድ ዘመቻ ላይ ወንዝ ስንሻገር ጀልባችን ተገልብጣ መጽሐፌ ሄደ። ያን ዕለት ያዘጋጀኋቸውን 9 ድግምቶች አዲስ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ቻልሁ፤ አምስቱ ጠፉ። አስቀድሜ መጠባበቂያ ቅጂ ብሠራ ኖሮ በእያንዳንዱ እርከን 10 ወርቅና 1 ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈጀው። የእኔ 14 ድግምቶች፣ ስምንቱ አንደኛ፣ አራቱ ሁለተኛ፣ ሁለቱ ሦስተኛ እርከን፣ በድምሩ 22 እርከን ናቸው፦ 220 ወርቅ፤ ከባዶው መጽሐፍ 50 ጋር 270። ይህን ወርቅ ለማግኘት የሚቸግር ዘመቻ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም መሪያችሁ መጽሐፍ ማሰረቅ የሚወድ ከሆነ፣ ያኔ ሶርሰረር ያዙ፤ እሱን የሚሰርቀው የለም።

ለሌላው ሁሉ ዊዛርድ። የአስማት መያዣውን በትር በ5 ወርቅ ግዙ፤ ባለ 20ው ሉል የሚጨምርላችሁ ምንም የለም። የተረፈውን 15 ወርቅ የመጠባበቂያው መጽሐፍ መነሻ አድርጉት፤ ቅጂው ሲያልቅም ከራሳችሁ ጋር ሳይሆን ጦረኛው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።