ለሲና ተራራ የሌሊት ጉዞ፦ ጋቢ ወይስ ጃኬት፣ ከስክስ ወይስ የለመዱት ጫማ?

ደሴ መናኸሪያ ቆማችሁ «ወደ ደብረ ሲና ነኝ» ብትሉ ረዳቱ ሻንጣችሁን ጭኖ ከሸዋ ሮቢት በላይ ካለችው ከተማ ያወርዳችኋል። የእኛ ጉዳይ የግብጹ ሲና ነው፤ ክርስቲያኑ «ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት»፣ ሙስሊሙ «ጡር ሲና» የሚለው፣ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጎራብተው የቆሙበት ተራራ። ለወሎ ሰው እንዲህ ያለው ጉርብትና አዲስ አይደለም።

ተጓዡ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ከፍታው ነው። ጫፉ 2,285 ሜትር ነው፤ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትመርጥ እናት ከሲና ጫፍ በላይ ቆማለች ማለት ነው። ጉዞው የሚጀመርበት የቅድስት ካትሪን ገዳም 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ዳገቱ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ደሴ ከመውጣት ብዙም አይበልጥም። የሚፈትነው ሌላ ነው፦ ላብ ጀርባ ላይ እየቀዘቀዘ ፀሐይ እስክትወጣ መቀመጡ፣ ቀጥሎም ቁልቁለቱ። ዕቃ ስታማርጡ በእነዚህ ሁለቱ መዝኑት።

ከልብስ እንጀምር። በክረምታቸው ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጋቢ ሲቀመጡበት የሚተካከለው የለም፤ ሲሄዱበት ግን ጫፉ እግር ሥር ይገባል፣ ጥጥ ስለሆነም ላብ ከጠጣ በኋላ ራሱ ብርድ ይሆናል። ጃኬት ንፋስ ይመልሳል፣ እጅንም ነጻ ያደርጋል። ልባሽ ጨርቅ ተራ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ጨርቁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሻችሁ በሌላው በኩል እጃችሁን ከነካ፣ የተራራው ንፋስም እንደዚያው ያልፋል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። እንግዲህ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለጃኬት አውጡት፤ ጋቢ ቤት ውስጥ ካለ ቦርሳ ውስጥ ይግባና ጫፍ ላይ ከጃኬቱ በላይ ይደረብ። የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ሙቀት ስለለመደ ሁለቱንም ቢይዝ ይሻለዋል። ከጫፉ በታች በደዊዎቹ፣ ማለትም የበረሃው ነዋሪ ዓረቦች፣ ሻይ የሚያፈሉባቸው ጎጆዎች ብርድ ልብስ ያከራያሉ። ሸክም ይቀንሳል፤ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው እንደተጠቀለለበት ግን አትጠይቁ።

ጫማ ላይ እኔ ራሴ ተሞኝቻለሁ። አዲስ ከስክስ ገዝቼ ለሙከራ ከደሴ በላይ ያለውን ጦሳ ተራራ ወጣሁበት። ስወጣ ደህና ነበር፤ ስወርድ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ጥፍሩ ጠቆረ፣ የቀኙ ሶል ደግሞ ተረከዙ ጋ አፉን ከፈተ። ሻጩ «ማስቲሽ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ከስክስ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ጠጠር አያስገባም፤ ግን ከባድ ነው፣ እግር እስኪለምደውም ሳምንታት ይፈልጋል። ጉዞው ከአንድ ወር በታች ከቀረው ሶሉ ጥርስ ያለው የለመዳችሁት የስፖርት ጫማ ይበልጣል። ስትለኩ እግራችሁን ወደፊት ግፉትና ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት ካልገባ ተዉት። ሸራ ጫማና ክፍት ጫማ ለቁልቁለቱ አይሆኑም።

ምክንያቱም መንገዱ ሁለት ነው። ሌሊት የሚወጣው በግመል መንገድ ነው፤ ሰፊና ተጠማዛዥ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ መጨረሻው ግን 750 ያህል የድንጋይ ደረጃ ነው። ሌላው አንድ መነኩሴ ለንስሐ እንደጠረበው የሚነገርለት፣ 3,750 ደረጃ ያለው አቋራጭ ነው። ጉልበታችሁ ጤነኛ ከሆነ ሲነጋ በእርሱ ውረዱ። ካልሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ። ግመል መከራየትም ይቻላል፤ እርሱም ከደረጃው ሥር ያወርዳችኋል እንጂ ጫፍ አያደርስም፣ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጡም ያበርዳል።

መብራት ላይ አላመነታም፦ በግንባር የሚታሰር ባትሪ። ስልክ አንድ እጅ ይይዛል፣ በብርድም ቶሎ ይደክማል። ግመል ከጨለማ ድንገት ሲመጣ ወደ ተራራው በኩል ተጠግቶ ለመቆም ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል። ድንጋይ የሚቀየርለትን ከቻርጁ እመርጣለሁ፤ ትርፍ ድንጋይ ኪስ ውስጥ መያዝ ቀላል ነው።

ለስንቅ በሶ ከብስኩት ይሻላል፤ ጾመኛም ይበላዋል። ቆሎ ውሃ ያስጠማል። ውሃ ሁለት ሊትር ያዙ።

ያለ በደዊ አስጎብኚ መውጣት አይፈቀድም። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ሰዓቱን አጣሩ፦ እርሱ «አንድ ሰዓት» ሲል የእኛን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው።

የገዛችሁትን ሁሉ ለብሳችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ፣ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ጦሳ ውጡ። ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ። በሃያኛው ደቂቃ ጉልበታችሁን ካቀፋችሁ፣ ሰኞ ገበያ ተመለሱ።