ፑልማን፣ ቺካጎ፦ አሠሪህ አከራይህም ሲሆን

ቺካጎ ስኖር ስንት ዓመቴ፣ ድሮ የፋብሪካ ከተማ የነበረውን የፑልማን ሰፈር የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን እረፍት ወጣሁና ሄድኩ። እኔ በመኪና ነው የሄድኩት፣ መኪና ለሌለው ሜትራ ባቡር 111ኛ መንገድ ላይ ጣቢያ አለው። የጎብኚዎች ማዕከሉ ያለው ድሮ የፋብሪካው ቢሮ በነበረው ሕንፃ፣ የሰዓት ማማው ሥር ነው። መግቢያ አይከፈልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆርጅ ፑልማን የሚባል ሰውዬ የባቡር መኝታ ፉርጎ እየሠራ ከበረ። በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፋብሪካና የሠራተኛ ከተማ አንድ ላይ መሥራት ጀመረ። ቤቶቹ እውነት ለመናገር ያምራሉ። ቀይ ጡብ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ጋዝ። የዚያ ዘመን ሠራተኛ ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚኖር ለሚያውቅ ቅንጦት ነው። ግን ቤቱን መግዛት አይቻልም፣ መከራየት ብቻ። ባር የነበረው "ሆቴል ፍሎረንስ" በሚባለው ሆቴል ውስጥ ብቻ ነው፣ በሴት ልጁ ስም የተሰየመው፣ እሱም ለተራ ሠራተኛ አልተሠራም። ቤተ መጻሕፍቱም ያስከፍላል። እኔን ያስቆመኝ አረንጓዴው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ኪራዩ ውድ ስለነበር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ቆሟል። እግዜርም ኪራይ የሚጠየቅበት ከተማ!

በ1893 ኢኮኖሚው ወደቀ። ሰውዬው ደሞዝ ቆረጠ፣ በአማካይ ሩብ ያህል። ኪራዩን ግን አልነካም፣ ለባለ አክሲዮኖችም 8 በመቶ ትርፍ ማከፋፈሉን አላቆመም። ኪራይ ከተነሳለት በኋላ ሳንቲም ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ አባወራ ነበር። በግንቦት 1894 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበርም አገዛቸውና የፑልማን ፉርጎ ያለበትን ባቡር አንነካም አለ፣ ከቺካጎ ወደ ምዕራብ ያለው መስመር ቀጥ አለ። ያኔ የመንግሥት ሃይማኖት "ገበያው ይፍታው፣ እኛ ጣልቃ አንገባም" ነው። ደሞዙና ኪራዩ ላይ ዝም ያለው መንግሥት ግን አድማው ሲመጣ ዝም አላለም፤ የኢሊኖይ ገዥ እየተቃወመ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ወታደር ላከ። ዴብስ ታሰረ። በ1898 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ቤቶቹን እንዲሸጥ ወሰነ። ሰውዬው ግን አላየውም፣ በ1897 ሞቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሬሳውን እንዳያወጡበት ቤተሰቡ ፈርቶ ኮንክሪትና የባቡር ሐዲድ ከላዩ ጭኖ ቀበረው።

የፖርተሮቹ፣ ማለት የባቡር አስተናጋጆቹ፣ ታሪክ ደግሞ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ኩባንያው ባቡሮቹ ላይ እንዲያስተናግዱ የቀጠረው ጥቁሮችን ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ። ኑሯቸው ቲፕ፣ ጫማ የሚወለውሉበት ቀለም ከኪሳቸው፣ ተሳፋሪውም ሁሉንም "ጆርጅ" እያለ ይጠራቸዋል፣ በባለቤቱ ስም። እኔ አሜሪካ እንደገባሁ አንድ ሆቴል (ስሙ ይቅር) ሻንጣ ስሸከም ስሜ ከበዳቸውና "ማይክ" የሚል ባጅ ለጠፉልኝ፣ የዩኒፎርሙንም ዋጋ ከመጀመሪያ ቼኬ ላይ ቆረጡ። ፖርተሮቹ በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው ውል ያስፈረሙት በ1937 ነው። 12 ዓመት! እኔ ባጁን ስድስት ወር ለብሼ ሥራውን ለቀቅኩ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ከፋብሪካው የቀረው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በ1998 እሳት ብዙ በልቷል፣ ማማውም ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ማዕከሉን ቶሎ ጨርሱና መንደሩን በእግር ዙሩ። ፊት ለፊት ያለውን የአለቆች ቤት በረንዳ እዩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንገዶች ግቡና ቤቱ እንዴት እየጠበበ እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቡና በቴርሞስ ያዙ።