«ካም» ወይስ «ጎ»? «መጣሁ» ብሎ የሄደው አስጎብኚ

ባሕር ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ያየሁት ነው። አንድ ወጣት አስጎብኚ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ እንግዶቹን ጀልባ ላይ አስቀመጠና «አይ አም ካሚንግ» ብሎ ሄደ። ውኃ ሊገዛ ነበር። እንግዶቹ ግራ ገባቸው። እየመጣሁ ነው ያለ ሰው እንዴት ይሄዳል?

እኛ ግን ወዲያው ይገባናል። በአማርኛ «መጣሁ» ብሎ መውጣት «አሁን እመለሳለሁ» ማለት ነው። ሰውየው ገና ሳይሄድ ግሡ በኃላፊ ጊዜ ይነገራል። ይህን አነጋገር በጣም እወደዋለሁ፤ የሚጠብቀውን ሰው ያረጋጋል። እንግሊዝኛው ግን አይሸከመውም። እዚያ «ካም» የሚያሳየው ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ ሰሚው መቅረብን ነው። እናትህ ከጓዳ ስትጠራህ «አይ አም ካሚንግ» ብትል ልክ ነህ፤ ወደ እሷ እየቀረብክ ነውና። ከሰሚው ርቀህ የምትመለስ ከሆነ ግን «አይ ዊል ቢ ራይት ባክ» በል።

«ጎ» ቀለል ይላል፤ ካለንበት መራቅ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ጢስ ዓባይ ስትነሱ «ሌትስ ጎ» ትላላችሁ። የሚያስቸግረው ኃላፊ ጊዜው ነው። «ወንት» ከ«ጎ» ጋር ምንም አይመሳሰልም፤ የመጣው «ዌንድ» ከሚባል ሌላ የቆየ ግሥ ነውና።

ከጉዞ ውጪም ይለያያሉ። ወተት ሲበላሽ «ጎ» ይባላል፣ «ጎ ባድ»። ሕልም ሲሳካ ደግሞ «ካም ትሩ»። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ይሻላል።