በሚኒባሴ ላይ ያስገጠምሁት ጂፒኤስ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከድሬዳዋ ሐረር የምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ አለችኝ። የዛሬ ዘጠኝ ወር በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ከሚገኙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ፣ መኪናዋ የት እንዳለች በስልኬ አፕ ላይ የሚያሳየኝ፣ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የሚተልቅ ጥቁር የጂፒኤስ መሣሪያ ገዝቼ አስገጠምሁባት። ዋጋው አንድ አዲስ ጎማ ከሚገዛበት ገንዘብ ያነሰ ነበር፤ በየወሩ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያም አለው። ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት የሚያስቡ ባለንብረቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ዕቃው ገንዘቡን ያወጣል፤ ከሰማይ የሚመጣው የሥራው ክፍልም እስካሁን አላሳፈረኝም። ያስቸገረኝ ሁሉ የመጣው ከምድር ነው፤ ከአገጣጠሙ፣ ከኔትወርኩ፣ ከአፑ አስተካከል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አሠራሩ ከተነገረኝ የተሳሳተ ነገር።

ሻጩ ሲያስረዳኝ «ጋሼ፣ ሳተላይቱ መኪናዎን ከላይ ሆኖ ያያታል፤ የትም ብትገባ አታመልጠውም» ነበር ያለኝ። ብዙ ሰው የሚያምነውም ይህንኑ ነው። ሳተላይቱ ግን መኪናዬን አያያትም፤ መኖሯንም አያውቅም። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ያለማቋረጥ ይናገራል እንጂ ከእርሷ አንዳች አይሰማም፤ የሚሰማውና የሚያሰላው ዳሽቦርድ ውስጥ የተቀመጠው ትንሽ መሣሪያ ነው። ዕቃው ባስቸገረ ቁጥር ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ የረዳኝ ይህን መረዳቴ ስለሆነ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ንጋት ላይ ቆሞ አዛን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ሙአዚኖቹ ሁሉ ልክ በአንድ ቅጽበት ይጀምራሉ እንበል፤ የየመስጊዱም ቦታ በካርታ ላይ ይታወቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የአንደኛው መስጊድ አዛን አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ከደረሰኝ ከዚያ መስጊድ 340 ሜትር፣ የሌላው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ከደረሰኝ ደግሞ ከዚያኛው 170 ሜትር ርቄ ቆሜያለሁ ማለት ነው። በሁለቱ መስጊዶች ዙሪያ በየርቀታቸው ክብ ብስል ክቦቹ በሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ፤ ከሁለቱ የቆምሁበት የትኛው እንደሆነ ሦስተኛው አዛን ይለይልኛል። ዓይኔን እንደጨፈንሁ ቦታዬን አገኘሁ፤ ከሙአዚኖቹ ግን አንዱም እኔ እዚያ መቆሜን አላወቀም።

ጂፒኤስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው፣ እያንዳንዳቸው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ ያህል እየዞሩ፣ ማንነታቸውን፣ በዚያች ቅጽበት ያሉበትን ቦታና ትክክለኛውን ሰዓት የያዘ መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ድሬዳዋ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አስቸጋሪውም ይህ ፍጥነት ነው፤ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት የርቀቱ ስሌት በ300 ሜትር ይዛባል። ይህም ደቻቱ ዳር በከዚራ በኩል የቆመችን መኪና ወንዙን አሻግሮ መጋላ ሊያደርሳት ይችላል። እያንዳንዱ ሳተላይት አቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ የሚዞረው ስለዚህ ነው።

በእኔ መሣሪያ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን በእጅ ሰዓት ውስጥ እንደሚገኘው ዓይነት ርካሽ ክሪስታል ነው። አራተኛ ሳተላይት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአዛኑ ምሳሌ ሰዓቴ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ፣ ርቀቶቹ ሁሉ በእኩል መጠን ረዝመው ስለሚታዩኝ ክቦቹ በአንድ ነጥብ መገናኘት ያቅታቸው ነበር፤ ሰዓቴን ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እየመለስሁ ሁሉም የሚገጥሙበትን ስፈልግ ቦታዬም ትክክለኛው ሰዓትም አብረው ይወጣሉ። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታና ሰዓት አራት ያልታወቁ ነገሮች ስለሆኑ መሣሪያው ቢያንስ አራት ሳተላይቶችን መስማት አለበት። ከፍታውም ለእኛ መስመር የሚናቅ አይደለም፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ መንገዱ ደንገጎን ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ሲገባ ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳል።

ለሹፌሬ ነግሬው ፈጽሞ ያላመነኝ ነገርም አለ። አንስታይን እንዳስተማረው፣ ከምድር የራቀና በፍጥነት የሚሄድ ሰዓት ምድር ላይ ካለው ጋር እኩል አይቆጥርም፤ ሁለቱ ውጤቶች ተቀናንሰው የሳተላይቶቹ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ አስቀድሞ ታስቦ ባይታረም ኖሮ የርቀቱ ስሌት በየቀኑ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛባ ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ገጣሚው ሥራውን የጨረሰው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። መሣሪያው በራ፤ አረንጓዴው መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆመም። ሩብ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ «ይሄኛው ሳይበላሽ አልቀረም፣ ሌላ ላምጣ» አለና ሊፈታው ጀመረ። መኪናዋን ወደ ውጭ እናውጣት ብዬ ለመንሁት፤ አወጣናት፣ ዛፍ በሌለበት አቆምናት፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ መብራቱ ረጋ። አዲስ መሣሪያ ሲበራ በላዩ የትኞቹ ሳተላይቶች እንዳሉ አያውቅም። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ምሕዋር ዝርዝር በየ30 ሰከንዱ ይደጋግማል፤ የሁሉንም ሳተላይቶች ጠቅላላ መረጃ ጨርሶ ለመናገር ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይወስድበታል፤ ንግግሩ እጅግ ዝግ ያለ ነውና። ምልክቱም በጣም ደካማ ነው። የአንድ ቤት አምፖል ያህል ኃይል ይዞ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ ሞገድ ቆርቆሮ በስቶ ይግባ ማለት ግፍ ነው። በዚያች ቀን ባልከራከር ኖሮ ደህናው ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ ይመለስ ነበር።

የአገጣጠሙ ጉዳይ በዚህ አላበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሰማቸው ሳተላይቶች ቁጥር ከሚገባው በታች እንደሆነ በአፑ ላይ ስላየሁ፣ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዳሽቦርዱን እንዲፈታ አደረግሁ። መሣሪያው ከሬዲዮው ብረት ሥር ተሸጉጦ፣ «ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚል ትርጉም ያለው ቀስት ወደ ምንጣፉ እያመለከተ ተገኘ። ገልብጦ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከላዩ ፕላስቲክ ብቻ ባለበት ቦታ ሲያስረው የሳተላይቶቹ ቁጥር ከ5 ወደ 14 አደገ። መሣሪያው የአሜሪካኑን ጂፒኤስ ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስም ስለሚሰማ ነው ቁጥሩ እንዲህ ከፍ የሚለው። ከዚያ ወዲህ በሜዳ ላይ የሚያሳየኝ ቦታ ከእውነተኛው ከአምስት ሜትር የራቀበትን ጊዜ አላስታውስም። የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ፤ ቀስቱ ወዴት እንደዞረም እዩ።

የደንገጎን ኩርባዎች ስትወጣ መኪናዋ ከካርታው ላይ የምትጠፋበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰማዩን ነበር የወቀስሁት፤ ነገር ግን መሣሪያው ቦታውን ያውቀዋል፣ የሚቸገረው ለእኔ መንገሩ ላይ ነው። ያሰላውን የሚልከው በውስጡ ባለው ሲም ካርድ በስልክ ኔትወርክ ስለሆነ፣ ኔትወርኩ በደከመበት ሁሉ ነጥቦቹን በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ ሐረማያ ሲቃረብ ያጠራቀመውን አንድ ላይ ያወርደዋል። የተጓዘችበት መስመርም ዘግይቶ ቢሆንም ሳይጎድል ይሞላል። የወሩን ክፍያ «ለሳተላይት ነው» ብለው የሚያስከፍሉ አሉ፤ የሳተላይቱ ምልክት ግን ለማንም በነጻ የሚሰጥ ነው። አሜሪካኖች ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ብለው ያዛቡት የነበረውን ምልክት ማዛባት እንኳ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አቁመዋል። የምንከፍለው ለሲሙ፣ ለሰርቨሩና ለአፑ ነው፤ ስለ ዋጋው ስትደራደሩ ይህን ይዛችሁ ተደራደሩ።

አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ መኪናዋ እየተንቀሳቀሰች ነው የሚል ማስጠንቀቂያ። ከፈትሁት። ነጥቡ ከምታድርበት ግቢ ወጥቶ 40 ሜትር ያህል ሄደ፣ የጎረቤቱን ግንብ አልፎ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና በሌላ አቅጣጫ ወጣ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሹፌሩ ዘንድ ደወልሁ። «አቦ ጋሼ፣ ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው፤ እሷም ከነአቧራዋ ቆማለች» አለኝ በእንቅልፍ ድምፅ። እውነቱን ነበር። መኪናዋ የምታድረው ግማሹ በቆርቆሮ በተከደነ፣ ዙሪያው በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሞገዱ በቀጥታ መምጣቱ ቀርቶ ከግንቡና ከቆርቆሮው እየነጠረ ሲደርስ መንገዱ ይረዝማል፤ መሣሪያው ደግሞ የሚቆጥረው ጊዜን ስለሆነ የረዘመውን መንገድ እንደ ርቀት ይወስደዋል። ሳተላይቶቹም ስለሚጓዙ ንጥረቱ በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ የቆመችው መኪና ሌሊቱን ሙሉ ስትንከራተት የምታድረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር። ገጣሚው ሁለቱን የባትሪ ሽቦዎች ብቻ አገናኝቶ፣ ሞተሩ መነሣት አለመነሣቱን የሚነግረውን ሦስተኛ ሽቦ ጠቅልሎ ትቶት ኖሯል። እርሱ ከቁልፉ መስመር ጋር ከተያያዘ በኋላ፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሣሪያው የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ይረጋል።

ጀጎል ውስጥ በእግሬ ስገባም ይኸው ንጥረት በስልኬ ላይ ገጥሞኛል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት ሲንጀሮቹ ከግራ ቀኝ እየተንኳኩ ሳለ፣ ስልኬ ከጀርባቸው ካለ ግቢ ውስጥ አስቀመጠኝ። በጠባቡ መተላለፊያ የሚታየው ሰማይ እንደ መቀነት የቀጠነ ስለሆነ፣ የሚሰሙት ጥቂት ሳተላይቶች በዚያው መስመር የተደረደሩት ናቸው፤ ወደ መንገዱ ርዝመት ያለው ልኬት ደህና ሲሆን ወደ ጎን ያለው ይላላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን በግንብ ያሳጠሩት አሚር ኑር ይህን አላሰቡም፤ አይፈረድባቸውም። በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ዕቃ ለማድረስ ጂፒኤስ የሚገዛ ሰው ካለ ግን ልጅ ጠርቶ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ፍጥነትን በሚመለከት ያለ ማመንታት አመሰግነዋለሁ። መሣሪያው ፍጥነቱን በዋነኛነት የሚያወጣው ከሳተላይቶቹ ከሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ ለውጥ ነው፤ የባቡር ጥሩንባ ሲቀርብ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ወፍሮ እንደሚሰማው ማለት ነው። የመኪናዋ ቆጣሪ 80 ሲል አፑ 74 ይላል። ሹፌሩ አፑ ዋሸ ብሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ የመኪና ቆጣሪዎች ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርገው እንዲያሳዩ ተደርገው እንደሚሠሩ ሲረዳ ክርክሩን ተወው።

በመጨረሻ የማነሣው ጉዳይ ያሳፈረኝን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጉዞ ዝርዝሩን ስመለከት መኪናዋ በየጠዋቱ «3:00» ላይ እንደምትነሣ ይናገር ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ያለበት ሹፌር በ3 ሰዓት ይነሣል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስቆጣው ሰነበትሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መሣሪያው ሰዓቱን የሚወስደው ከሳተላይቶቹ ሆኖ፣ አፑ ያሳየኝ የነበረው በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን ከእኛ በሦስት ሰዓት የሚዘገየውን ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት በእርሱ ልክ 3:00 ይሆናል። ሹፌሩን ይቅርታ ጠየቅሁት። የአፑን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ብለውጠው ደግሞ 6:00 ማለት ጀመረ፤ ለእኛ ይህም እኩለ ቀን ነው። በመጨረሻ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስ መረጥሁ፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የምትቀር ስለሆነች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ሲያሳይ ንጋቱ 12:00፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት 1:00 ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው እንደኛው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሚኒባሴ ላለፉት ስምንት ወራት በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትመላለሰው በቦነስ አይረስ ሰዓት ነው።